ቅቤና ሩጫ

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓትና በየተማሪው መኝታ ቤት ብዙ የሚወራለት ነው። ይኸውም እንጀራን፣ ዳቦን፣ ድንችንና ስኳርን ትቶ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በቅቤ፣ በአቮካዶና በጎመን የመኖር አመጋገብ፣ በዘመኑ አጠራር «ኬቶ» የሚባለው ነው። በዚህ አመጋገብ ላይ ያለ ሰው መሮጥ ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ በምን ያህል ፍጥነት? በየጊዜው እንጀራ መለስ ብሎ ቢበላስ ይጠቅመዋልን?

ጥያቄውን ያቀረበልን አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ዕድሜው 26 ዓመት ነው፤ ሥራው ከጧት እስከ ማታ ከወንበር የሚያስነሣ አይደለም። ሐኪም የደምህ ስኳር ወደ ላይ ማዘንበል ጀምሯል ብሎ ስላስጠነቀቀውና አባቱም በዚሁ በሽታ የሚሠቃዩ ስለ ሆኑ ደንግጦ እንጀራ ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። ክብደቱም ቀንሷል፤ ሱሪው ሰፍቶታል። ዳሩ ግን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በታላቁ ሩጫ ለመሮጥ ተመዝግቦ ልምምድ ቢጀምር፣ በሜዳው ላይ ደኅና ይሆንና ዳገት ሲደርስ እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል። «አንዱን ልተው፣ ወይስ በሳምንት አንድ ቀን እንጀራ እየበላሁ ሁለቱንም ልያዝ?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። በአንድ በኩል ጤናው፣ በሌላ በኩል ለጓደኞቹ የሰጠው ቃል አለ። ስለዚህ መልሱን ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። «ኬቶጄኒክ» የሚለውን ስም ለዚህ አመጋገብ የሰጠው በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ራስል ዋይልደር ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1921 ዓ.ም. ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማው ሰውን ማክሳት አልነበረም፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን ለመርዳት ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰው በቀን የሚበላው ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች ሲወርድ፣ ጉበቱ ስብን እየሰባበረ ኬቶን የተባለውን ነዳጅ ያወጣል፤ አንጎልም በስኳር ፈንታ ከሥራው ከፊሉን በዚህ ነዳጅ ይሠራል። 50 ግራም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ፣ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከዚህ ልክ የሚያልፍ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ ወደ ሩጫው እንምጣ። ሰውነታችን ሁለት የነዳጅ ጎተራ አለው። አንደኛው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት ሲሆን፣ በጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ያህል ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሁለተኛው ስብ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ጎልማሳ እንኳ 9 ኪሎ ያህል ስብ ቢኖረው፣ ይህ ወደ 70,000 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። በቁጥሩ ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ «ይህን የመሰለ ሀብት በጀርባዬ ተሸክሜ ስለ እንጀራ ለምን እጨነቃለሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የነዳጅ ብዛትና የነዳጅ ፍጥነት አንድ አይደሉም። ይህን ከእናቶቻችን ማድ ቤት የተሻለ የሚያስተምረን የለም። ወጥ በከሰል ቀስ ብሎ ይንተከተካል፤ ከሰሉም ብዙ ሰዓት ይቆያል። ምጣድ ግን በከሰል አይሰማም፤ ጭራሮና ቅጠል ይፈልጋል፣ ነበልባሉ ቦግ ማለት አለበት። ስብ እንደ ከሰሉ ነው፤ ስኳር እንደ ጭራሮው ነው። ሰው ሲራመድ ወይም ቀስ ብሎ ሲሮጥ ከሰሉ ይበቃዋል። ፍጥነቱን ሲጨምር፣ ዳገት ሲወጣ፣ በመጨረሻም ሲሽቀዳደም ጡንቻው ጭራሮ ይጠይቃል። ምክንያቱም ስብ ከተከማቸበት ወጥቶ፣ በደም ተጉዞ፣ በጡንቻ ውስጥ እስኪነድ ድረስ መንገዱ ረዥም ነው። ከዚህም በላይ በብርቱ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን አልዳረስ ሲል ያለ ኦክስጅን ተሰባብሮ ኀይል ሊሰጥ የሚችለው ስኳር ነው፤ ስብ ይህን ከቶ አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ሊትር ኦክስጅን ስኳርን ብናነድ 5.05 ኪሎ ካሎሪ ያህል እናገኛለን፤ ስብን ብናነድ ግን 4.69 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 7 ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ጥቂት መስሎ ለሚታየው ሰው ያለበትን ከተማ እናስታውሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ አላት፤ በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ በቂ ኦክስጅን በማይገኝበት አገር ይበልጥ ኦክስጅን የሚፈጅ ነዳጅ ይዞ ዳገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የጠያቂያችን እግሮች መስክረዋል።

ይህን ያልነው ከራሳችን አይደለም። በ1920 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ክሮግና ሊንድሃርድ የተባሉ ሊቃውንት ሰዎችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀምጠው ሲመረምሩ፣ ስብ የበዛበት ምግብ የበሉት ለዚያው ሥራ የሚያወጡት ኀይል የበለጠና ድካማቸውም የከበደ ሆኖ አገኙት። በ1924 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ሐኪሞች የሯጮቹን ደም ሲመረምሩ፣ ደክመው ከደረሱት መካከል የብዙዎቹ የደም ስኳር እጅግ ወርዶ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሯጮቹ አስቀድመው ካርቦሃይድሬት እንዲበሉና በመንገድም ከረሜላ እንዲወስዱ ቢደረግ ሁኔታቸው ተሻሻለ።

በኬቶ ወገን የሚቆሙ ሰዎችም የራሳቸው ማስረጃ ስላላቸው እርሱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በ1983 ዓ.ም. ስቲቨን ፊኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አምስት የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን ለአራት ሳምንት በቀን ከ20 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት እያበላ መረመራቸው። ፔዳል እየመቱ እስኪደክሙ የቆዩበት ጊዜ ቀድሞ በአማካይ 147 ደቂቃ የነበረው ከአራት ሳምንት በኋላ 151 ደቂቃ ሆነ፤ ማለት አልቀነሰም። በ2016 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ጥናትም ኬቶን የለመዱ የረዥም ርቀት ሯጮች በአማካይ በደቂቃ እስከ 1.5 ግራም ስብ ሲያነዱ፣ እንጀራውን ያልተዉት ባልንጀሮቻቸው በአማካይ ከ0.7 ግራም አላለፉም። ሰውነት እንደሚለምድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነገር ግን የፊኒ ብስክሌተኞች የተጓዙት በምን ፍጥነት እንደ ነበረ ልብ በሉ። ሰውነታቸው ሊስበው ከሚችለው የኦክስጅን መጠን ከመቶ 62 እስከ 64 በሚሆነው ብቻ ነበር። ይህም የከሰሉ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ነገሩ ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. ሉዊዝ በርክ የተባለች አውስትራሊያዊት ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በዓለም የታወቁ የእርምጃ ተወዳዳሪዎችን ለሦስት ሳምንት በብርቱ ልምምድ አቆይታ በ10 ኪሎ ሜትር አወዳደረቻቸው። ካርቦሃይድሬት የበሉት ሰዓታቸውን በግልጽ አሻሻሉ። በኬቶ የቆዩት ግን ያን ያህል ደክመው ሳለ አልተሻሻሉም፤ በውድድር ፍጥነት ሲሄዱ የሚፈጁት ኦክስጅንም ጨምሮ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ታላቁ ሩጫም 10 ኪሎ ሜትር ነው።

«እንግዲያውስ የሩጫው ዋዜማ እንጀራዬን ጠግቤ ብበላ፣ ከሰሉም ጭራሮውም ይኖረኝ የለምን?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሊቃውንቱም ሞክረውታል። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ብስክሌተኞችን ስድስት ቀን ስብ የበዛበት ምግብ፣ በሰባተኛው ቀን ካርቦሃይድሬት አብልተው 100 ኪሎ ሜትር ቢያስሮጧቸው፣ በጠቅላላው ሰዓት ጉልህ ልዩነት አልታየም። በመካከሉ አንድ ኪሎ ሜትር ተሽቀዳደሙ ሲባሉ ግን ጉልበታቸው ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ስብ የለመደ ጡንቻ ስኳርን ወደ ምድጃው የሚያስገባውን በር ጠበብ ያደርገዋል ይላል። ጎተራው በአንድ ቀን ይሞላ ይሆናል፤ በሩ ግን በአንድ ቀን አይሰፋም። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ በየጊዜው ካርቦሃይድሬት መለስ ብሎ መብላት ከንቱ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ከብርቱው ልምምድ ጋር ከተገጣጠመ ይረዳል፤ ካልተገጣጠመ ግን ለሆድ የተሰጠ በዓል ከመሆን አያልፍም። እዚህ ላይ የአገራችን የቀን መቁጠሪያ ራሱ አንድ ነገር ያመለክተናል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ስለማይቀምስ፣ ሽሮና ምስር በእንጀራ መብላቱ አይቀርም። ይህ ማለት ሳያስበው በሳምንት ሁለት ቀን ካርቦሃይድሬት ይበላል ማለት ነው። እንግዲያውስ ዳገት የሚወጣበትን ወይም የሚሽቀዳደምበትን ልምምድ ሐሙስ ጧትና ቅዳሜ ጧት ቢያደርገው፣ ጡንቻው ትናንት የገባለትን ስኳር ያገኛል። በቀሩት ቀኖች ይራመድ ወይም ቀስ ብሎ ይሩጥ።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ካርቦሃይድሬት ጠግቦ የበላ ሰው ወደ ኬቶን ሁኔታ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈጅበታል። ረቡዕና ዓርብ እንጀራ የሚበላ ሰው እንግዲህ ሳምንቱን ሁሉ በመንገድ ላይ ነው፤ ከዚያም አልደረሰ፣ ከዚህም አልቀረ። ስሙን ኬቶ ብሎ ቢጠራው ራሱን ያታልላል። ለስላሳ መጠጥን፣ ስኳርንና ነጭ ዳቦን ትቶ፣ እንጀራውን በልክ አድርጎ፣ ጎመንና ምስር ጨምሮ መብላት ስሙ «መጠን ማወቅ» ነው። የደሙ ስኳር ወደ ላይ ላዘነበለ ወጣት ይህና የዘወትር እርምጃ ክብደቱን እንዲቀንስ ካደረጉት ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ መንገድ ለመሄድ የምትፈልጉ አንባብያን ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ያዙ።

አንደኛ፤ ፍጥነታችሁን በንግግር መዝኑ። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ በከሰሉ ፍጥነት ላይ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ጭራሮው እየነደደ ነው። የልብ ምት መቁጠር የሚወድ ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ፤ ለ25 ዓመት ጎልማሳ 195 ይሆናል። ከዚህ ከመቶ 60 እስከ 70፣ ማለት በደቂቃ ከ117 እስከ 137 ምት፣ ለዝግታው ሩጫ ይበቃል። ስሌቱ ግምት ስለ ሆነ ከንግግሩ መመዘኛ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛ፤ ኬቶ በጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ብርቱ ሩጫ አትሞክሩ። ሰውነት ገና አልለመደም፤ ኩላሊትም በዚያ ጊዜ ጨው አብዝቶ ስለሚያስወጣ ራስ ምታትና ማዞር ይመጣል። የደም ግፊት የሌለበት ሰው ጨው ያለበት የሥጋ መረቅ ቢጠጣ ይቀልለዋል።

ሦስተኛ፤ ካርቦሃይድሬት የምትመልሱበት ቀን የቅቤ ቀን አይሁን። እንጀራ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ገንፎ ቅቤው ቀርቶ ይበላ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ጠላና ቢራ ግን በዚህ ስም አይቆጠሩም። እንጀራውም ቅቤውም በአንድ ቀን ከተከመሩ፣ ስቡ ለመንደድ ተራ ሳያገኝ ወደ ጎተራው ይመለሳል።

አራተኛ፤ በማግሥቱ ሚዛን ላይ ወጥታችሁ አትደንግጡ። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ጎተራው ሲሞላ ክብደት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይጨምራል። በዚሁ ምክንያት በኬቶ የመጀመሪያ ሳምንት ቀነሰ የሚባለው ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው። በዚያ የተደሰተ በዚህ አይዘን።

አምስተኛውና ዋናው፤ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ፣ ይልቁንም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ ይህን አመጋገብ ከቶ አይጀምሩ። መድኃኒቱ እንደ ወትሮው ሆኖ ምግቡ ቢጓደል የደም ስኳር በድንገት ወርዶ ሰው ሊስት ይችላል። መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን ያቋረጠም ደሙ በኬቶን ተመርዞ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። በሩጫም ላይ ላብ የቀዘቀዘበት፣ እጁ የተንቀጠቀጠና ዓይኑ ብዥ ያለበት ሰው ወዲያውኑ ቆሞ ስኳር ያለበት ነገር ይቅመስ። በዚያች ሰዓት «ኬቶዬ ይበላሽብኛል» ማለት ሞኝነት ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። በየቀኑ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ መብላት ለጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ይልቁንም ለተማሪ ኪስ ቀላል ሸክም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት የታወቁ ኢትዮጵያውያን የረዥም ርቀት ሯጮችን ምግብ ሲመዝን፣ ኀይላቸውን ከመቶ 64 ያህሉን ከካርቦሃይድሬት፣ ከመቶ 23 ያህሉን ከስብ እንደሚያገኙ ገልጧል፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ከእህልና ከአትክልት የመጣ ነበር። ማለት ዓለምን ያስደነቁት ሯጮቻችን የሚሮጡት በእኛው መሶብ ነው። እርግጥ እነርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ሮጠው የበሉትን ያነድዱታል፤ እኛ ደግሞ ወንበር ላይ እንውላለን። ስለዚህ የእነርሱን መሶብ ስንመኝ የእነርሱን እግር መርሳት አይገባም።

አሁን ለጠያቂያችን እንመልስለት። ወዳጃችን፤ ሐኪምህ ስለ ደምህ የነገረህ ነገር ከሜዳልያ ሁሉ የከበረ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ እርሱ ተመልሰህ ደምህን አስመርምር። ውጤቱ ተሻሽሎ በኬቶ እንድትቀጥል ከተስማማችሁ ታላቁን ሩጫ ሩጥ፤ ነገር ግን እያወራህ ሩጥ። ሜዳውን በዝግታ፣ ዳገቱን በእርምጃ ውጣው። ያ ሩጫ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሮጠው ለፈጣኖች ብቻ አይደለም፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየዘፈነና እየተራመደ የሚጨርሰው የደስታ ቀን ነው። ከጓደኞችህ ኋላ ብትደርስ የሚያሳፍርህ ነገር የለም።

በሰዓት መወዳደር ካማረህ ግን፣ ሐኪምህ ከፈቀደልህ፣ ከሩጫው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድመህ እንጀራን በልክ ወደ ገበታህ መልስ፤ በብርቱ ልምምድህ ዋዜማ ጨመር፣ በዕረፍትህ ቀን ቀነስ አድርገው። የዋዜማው ሌሊት ብቻውን አያድንህም። ከሁለቱ ዛፎች የትኛውን እንደምትወጣ ምረጥ፤ ከመረጥህ በኋላ ግን በሁለት እግርህ ውጣው።

ሌሎቻችሁም ነገ ጧት ጫማችሁን ስታጠልቁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ዛሬ የምሄደው በከሰል ነው ወይስ በጭራሮ?» መልሱን ያወቀ ሰው በማታው ገበታ ላይ ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ብዙ አይቸግረውም።